ከሐሙስ ሰዎች ለሪሐና

መሐል ሜዳ፣ ግንቦት 8 ቀን

ውድ እህቴ ሪሐና፣

የእናትሽን የእማማ አሚናትን ማረፍ የሰማሁት ከተቀበሩ በሦስተኛው ሳምንት ነው። መምህር አፈወርቅ ከደብረ ብርሃን ሲመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከአንድ የጤና ባለሙያ ሰምቶ፣ ቦርሳውን እንኳ ቤቱ ሳያስቀምጥ መጥቶ ነገረኝ። ወዲያው ደወልኩልሽ። «ደህና ነኝ እትዬ ለተሥላሴ፤ አልሐምዱሊላህ። በአራተኛው ቀን ሥራ ጀምሬያለሁ። አሁን ታካሚ ይዣለሁ» አልሽኝና ስልኩ ተዘጋ። እኔም ወረቀት አውጥቼ ተቀመጥኩ። ደብዳቤን ታካሚ ይዣለሁ ብለሽ አትዘጊውም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልሽ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየኋቸው፤ ሊጠይቁሽ ደጋ የወጡ ጊዜ። ብርዱ አስደንግጧቸው ሁለት ጋቢ ደርበው ጤና ጣቢያው በር ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። «ልጄን ይኼ ብርድ እንዳይጎዳብኝ አደራ» አሉኝ። ምን አደራ አለ! አንቺ እኔን ስትደግፊ ነው የከረምሽው።

ያን ድምፅሽን አውቀዋለሁ፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። እኔም በአራተኛው ቀን ሥራ የገባሁ ሰው ነኝ። ደግሞም ስምንት ወር ሙሉ በየሐሙሱ ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ከሄድሽ በኋላ የሆነውንም ሙሉውን አልሰማሽም። ሁለቱንም አንድ ላይ ልንገርሽ፤ ረዘም ቢል ታገሺኝ።

መጀመሪያ አንቺ ጋ የመጣሁ ቀን ወንድሜ አብርሃም ካረፈ ሰባት ወሩ ነበር። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተጭኖ አልነሳ ብሎኝ፣ የምሠራበትን የፍርድ ቤት ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ እያጠረኝ፣ ልቤን አመመኝ ብዬ ነው ጤና ጣቢያ የሄድኩት። ሐኪሙ አዳመጠኝ፣ ግፊቴን ለካ፣ «ልብዎ ደህና ነው» አለና ወደ ዘጠኝ ቁጥር ላከኝ። የአእምሮ ሕክምና ነርስ መጣች ከተባለ ጀምሮ ዘጠኝ ቁጥር የማን ክፍል እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ የሚያውቀኝ ሰው አለ የለም እያልኩ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አይቼ ነው የገባሁት።

አንቺ ግን ምን ያምዎታል አላልሽኝም። ካርዴን አየሽ፣ ፊቴን አየሽ፣ «ማን ሞተብዎት?» አልሽኝ።

ሰባት ወር ሙሉ እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። በቀብሩ ሰሞን ቤቴ ሰው ሞልቶት ነበር። እድሩ ድንኳኑን ነቀለ፣ አርባው ወጣ፣ ሰውም ወደየሥራው ሄደ። እኔ መዝገብ አወጣለሁ፣ መዝገብ እመልሳለሁ። «ለተሥላሴ ጠንካራ ናት» ሲሉ እሰማለሁ። እሱን እንደ ሹመት ተቀብዬው ነበር። አንቺ ፊት ግን አፌን ስከፍት ቃል አልወጣኝም፤ እንደ ልጅ አለቀስኩ። አልከለከልሽኝም፤ በቃ በቃ አላልሽኝም። የወንበርሽን አቅጣጫ አዙረሽ አጠገቤ ተቀመጥሽ። ሳበቃ «አንቺ በዪኝ፣ እርስዎ ሲሉኝ ያረጀሁ ይመስለኛል» አልኩሽ፤ ሁለታችንም ሳቅን።

በአራተኛው ቀጠሮዬ ስለ ሐሙሱ ነገርሽኝ። «እንዳንቺ ያሉ ሰዎች አሉ። ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት የክትባት ክፍሉ ባዶ ነው፤ እዚያ እንቀመጣለን።»

«ሐዘኔን ለማላውቀው ሰው ላወራ ነው?»

«ማውራት ግዴታ አይደለም። መቀመጥ ብቻ ይበቃል።»

የመጀመሪያውን ሐሙስ መቼም አትረሺውም። አቶ ወዳጆ ወፍራሙን የሱፍ ባናቸውን እንደለበሱ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል አድርገው፣ የሕፃናት ክትባት ሥዕል ሥር ተቀምጠው ነበር። አርባ ሁለት ዓመት አብረዋቸው የኖሩት ባለቤታቸው ካረፉ ግማሽ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ተራው ሲደርሳቸው ምን አሉ? «እኔስ ለሐዘን መርፌ አለ ብለው ቢነግሩኝ ነው የመጣሁ። መርፌው የታለ?» እትዬ አዛለች ልጇ ሰብሊ ከሞተች ወዲህ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው። ስቃ ደግሞ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ እንደ ሌባ ደነገጠች። አንቺ «ሳቁም ይፈቀዳል» አልሽ። አፈወርቅ ያኔ ገና ጥግ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ነበር የሚያየው። እጮኛውን ቀብሮ የመጣ ልጅ፣ ለሦስት ሐሙስ ከስሙ ሌላ ምንም አልተናገረም። ማንም አላስገደደውም።

በእኔ ተራ ስለ አብርሃም አወራሁ። እናትና አባታችን ተከታትለው ሲሞቱ እሱ የስድስት ዓመት ልጅ፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ እንደነበር፤ በአንድ አልጋ እያስተኛሁ፣ የቤት ሥራውን እያሠራሁ እንዳሳደግኩት፤ ደብረ ብርሃን መምህራን ኮሌጅ እንዳስገባሁት፤ በሃያ ስድስት ዓመቱ ዓለም ከተማ አካባቢ ለሥራ ጀማ በረሃ ወርዶ ወባ እንደገደለው። ይኼ ሁሉ እውነት ነው። «እናቱ ነሽ» አሉኝ። «የቻልሽውን ሁሉ አድርገሽለታል፤ አንቺስ ፀፀት የለብሽም» አሉኝ። አንቺም ራስሽን ነቀነቅሽ። እኔም ዝም ብዬ ተቀበልኩ። እቤቴ ስገባ ደረቴ ላይ ያለው ነገር ከጠዋቱ ይልቅ ከብዶ ነበር።

ያልተናገርኩት ይኼ ነው። አብርሃም ኮሌጁን በሦስተኛ ዓመቱ ትቶ ወጣ። ግንበኝነት ጀመረ። «እታለም፣ እኔ ክፍል ውስጥ ቆሜ ማስተማር አልችልም፤ ድንጋይ ግን ይታዘዘኛል» አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት የደከምኩት ለድንጋይ ነው ወይ ብዬ ጮህኩበት። «ከዛሬ ጀምሮ እህት አለችኝ እንዳትል» አልኩት። ይህን ያልኩት በዚህ አፌ ነው፣ ሪሐና። ዓመት ከአራት ወር አልተነጋገርንም። አንድ ማክሰኞ፣ እኔ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ መዝገብ ስቆጥር ስልኬ ጮኸ። ስሙን አየሁት። በሥራ ሰዓት ብዙ ጊዜ ስልክ አላነሳም፤ ያን ቀን ግን ሥራ ይዞኝ አይደለም። ይማር ብዬ ነው። ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ጊዜ ጮኾ ተወ። እሑድ ሞቱን ነገሩኝ።

እንግዲህ ፀፀት የለብሽም የተባለችው ሴት ይህች ናት።

እንደዚህ ሆኜ ስምንት ወር ከእናንተ ጋር ተቀመጥኩ። አልጠቀመኝም አልልም። እንቅልፌ ተመለሰ፤ ደረጃውንም ሳላርፍ መውጣት ጀመርኩ። ሐሙስ ሲደርስ ደስ ይለኝ ነበር። የሌላውን ስሰማ የራሴ ቀለል ይለኛል። ያቺን ማክሰኞ ግን እንዳቀፍኳት ነበርኩ። ጥር ላይ እናትሽ ታመው ወደ ቆላ፣ ወደ አገርሽ ዝውውር ጠይቀሽ ስትሄጂ «የልቤን ሳልነግራት ሄደች» ብዬ አዘንኩ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ እፎይ ማለቴም አልቀረም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ክፍሉ ተዘጋ። ዘጠኝ ቁጥር ሰው እስኪመደብ ተብሎ ተቆለፈ፤ የክትባቱ ክፍልም ለሌላ ሥራ ተፈለገ። እኔም ወደ መዝገቤ ተመለስኩ። አንድ ቀን ጠዋት ባለጉዳይ ተሰልፎ ሳለ አንድ ዱላ ጠረጴዛዬን ኳ ኳ አደረገው። ቀና ስል አቶ ወዳጆ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘውታል።

«የሐሙሱ ጉዳይ ለመቼ ተቀጠረ?» አሉኝ።

«የምን ጉዳይ አባባ?»

«የእኛ ነዋ! ሦስት ሐሙስ ተመላለስኩ፤ በሩ ዝግ ነው። ዳኛ ቢቀየር መዝገብ ይዘጋል እንዴ? አንቺ እዚህ ቤት ስንት ዓመትሽ ነው?»

የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄን ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። ሽማግሌው ከሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው እየመጡ ሦስት ጊዜ የተዘጋ በር አይተው ተመልሰዋል። «ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቀጥሯል አባባ፤ ቦታውን አሳውቅዎታለሁ» አልኳቸው። ቦታ ግን አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ አፈወርቅን ፍለጋ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ያ ጥግ ላይ ይቀመጥ የነበረ ልጅ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እጄን ይዞ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስገባኝና እሱ ራሱ አስረዳቸው። ሰውየው «መጽሐፍ እስካልጠፋ ድረስ ቤተ መጻሕፍቱን ተጠቀሙበት» አሉ። ያን ጊዜ ነው የደወልኩልሽና ምን ላድርግ ያልኩሽ። «ምክር አትስጡ፣ አታቋርጡ፣ የተነገረው እዚያው ይቅር። የከበደበትን ሰው ደግሞ እኛ እንይዘዋለን አትበሉ፤ ሐኪም ጋ ላኩት» አልሽኝ። በወረቀት ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩት። ቁልፉንም እኔ ያዝኩ። የልቧን የደበቀች ሴት ሰብሳቢ ሆነች።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። መጋቢት ውስጥ ነው፤ ነፋሱ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሊነቅለው የደረሰበት ሐሙስ። እትዬ አዛለች ዘግይታ መጣች፤ አልተቀመጠችም። መጽሐፍ መደርደሪያውን ተደግፋ ቆማ፣

«ልሰናበታችሁ ነው» አለችን። «እናንተ ንጹሓን ናችሁ። እኔ ከእናንተ ጋር መቀመጥ አይገባኝም።»

«ምን አደረግሽ?» አላት አፈወርቅ።

«ሰብሊ ራሴን አመመኝ ስትለኝ ፈተና ሸሽተሽ ነው አልኳት። ሰበብ ነው ብዬ ገፍቼ ትምህርት ቤት ላክኋት። በሦስተኛው ቀን ነው የወደቀች። ይኸው ተናገርኩት። አሁን ልሂድ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ዞረች። አንቺ ብትኖሪ አንድ ነገር ታውቂ ነበር፤ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ተቀመጪ እትዬ አዛለች» አልኳት። «እኔም አለብኝ።»

ያን ሁሉ ነገርኳቸው። የድንጋዩን ነገር፣ እህት አለችኝ እንዳትል ያልኩትን፣ ማክሰኞን፣ የገለበጥኩትን ስልክ። ስጨርስ ማንን ልይ? መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ የአቶ ወዳጆ ድምፅ መጣ፤ ቀስ ያለ ነው።

«እኔ ባለቤቴ የሞተች ዕለት ጠዋት፣ ሻዩ ቀዝቅዟል ብዬ ተቆጥቻታለሁ። እሺ ብላ አሙቃ አመጣችልኝ። ማታውን የለችም። ስድስት ወር ሙሉ ያቺን ጠዋት ብቻ ነበር የማስብ። አሁን አሁን ሌላውንም አስባለሁ። ሠርጋችንን፣ ድርቁን ዓመት፣ ከልጆቹ ጋር ስትሟገት። አርባ ሁለት ዓመት ነው እኮ! ያቺ ጠዋትም የእኛው ናት፤ ግን ብቻዋን አይደለችም።»

አዛለች ተመልሳ ተቀመጠች። እጄን ያዘችኝ። የእሷ እጅ በረዶ ነበር፤ የእኔም እንዲሁ። አይዞሽ አላለችኝም፤ አይዞሽ አላልኳትም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአዛለች ጋር በአንድ መንገድ ወደ ቤታችን ሄድን፤ መንገድ ላይ ስለ ሰብሊ ፀጉር ነው ያወራችልኝ። እንዴት ወፍራም እንደነበር፣ ሹሩባ ስትሠራት እንዴት ትጮኽ እንደነበር።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኝ ነበር። አብርሃም ዓለም ከተማ ውስጥ እመቤት የምትባል ልብስ ሰፊ እጮኛ ነበረችው። ቀብሩ ላይ መጥታ ነበር፤ አላነጋገርኳትም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ደወለችልኝ፤ አንድ ሁለቴ አንስቼ «ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ ዘግቻለሁ። ልትወቅሰኝ ነው እያልኩ እፈራት ነበር። ለሐሙስ ሰዎች ይህንንም ስነግራቸው አፈወርቅ፣ «ልትወቅስሽ ከሆነ መስማት ይሻልሻል። ካልሆነም መስማት ይሻልሻል» አለኝ። ምክር አትስጡ የሚለውን ወረቀት በጣቴ አሳየሁት፤ ሁሉም ሳቁ።

ከፋሲካ በኋላ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ደብረ ብርሃን አድሬ፣ በማግስቱ አቧራ ለብሼ ዓለም ከተማ ገባሁ። ሱቋ በረንዳ ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስትሰፋ አገኘኋት። ቀና ብላ ስታየኝ እግሯ የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ቆመ። ቤት አስገባችኝ፣ ውኃ አስታጠበችኝ፣ ምሳ አቀረበችልኝ። አንድ ጉርሻ ሳልውጥ ነገሬን ጀመርኩ።

«ከመሞቱ በፊት ደውሎልኝ ነበር። አላነሳሁለትም።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «አጠገቡ ነበርኩ።»

«ምን አለ?»

«‹አላነሳችም፤ ችሎት ይዟት ይሆናል› አለ። ከዚያ ምሳውን በላ።»

«ሌላስ?»

«‹ኮስታራ ናት፤ ማታ ደግሞ እሞክራታለሁ› ብሎ ሳቀ። ማታ ትኩሳቱ ጀመረው። ለምን እንደደወለ አልነገረኝም እትዬ። አንቺን የሚያጽናና ነገር መጨመር እችል ነበር፤ ያለው ግን ይኼው ነው።»

ሪሐና፣ ይቅር ብያታለሁ አላለም። ተቀይሜያታለሁም አላለም። ችሎት ይዟታል አለ፤ ምሳውን በላ። ስንት ነገር አስቤ ነበር! ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ እንዴት እንደጠቆረ፣ እንዴት እንዳለቀሰ። እሱ ግን ማታ እንደሚደውል ሰው ሆኖ ነው ምሳውን የበላው። ያን ሁሉ ጊዜ ያልበላሁትን ያህል በላሁ። እመቤትም እያየችኝ ትጨምርልኛለች።

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ትደውይልኝ ነበር?» አልኳት።

«ስለ እሱ የማወራው ሰው አጥቼ ነዋ። እዚህ ሰዎች አሁን ሌላ አግቢ ነው የሚሉኝ። ልጅ ሆኖ ምን ይመስል ነበር? እሱን ልጠይቅሽ ነበር።»

ሁለት ቀን አወራኋት። ዶሮ ሲፈራ፣ የእኔን ጫማ ተጫምቶ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ሲዋሽ ጆሮው ሲቀላ። በሦስተኛው ቀን እሱ የሠራውን የትምህርት ቤት አጥር ልታሳየኝ ወሰደችኝ። በእጄ ዳሰስኩት። ድንጋዩ ከድንጋዩ ጋር ገጥሞ ክር እንኳ አያስገባም። የእረፍት ሰዓት ስለነበር ልጆች ላዩ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያወዛውዛሉ። ኮራሁበት። ለራሱ ባልነግረውም ለእመቤት ነገርኳት፤ አሁን ለአንቺም ጻፍኩልሽ።

አሁን ደህና ነኝ። ይህን ስልሽ ስልክ ላይ እንደሚባለው ደህና ነኝ አይደለም። አንዳንድ ቀን ይከብደኛል፤ አንዳንድ ቀን ሳላስበው አብርሃም ሲዘፍነው የነበረውን አንጎራጉራለሁ። ዘጠኝ ቁጥርም አዲስ ነርስ ተመድቦለታል፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ የሚከብዳቸውን ወደ እሱ እንልካለን። ሐሙስ ሰባት ሰው ሆነናል። ከሞላሌ ድረስ በየአሥራ አምስት ቀኑ የምትመጣ ሴትዮ አለች። እመቤትም ባለፈው ሳምንት መጥታ እኔ ቤት ሰንብታ፣ አብራን ተቀምጣ ሄዳለች። አቶ ወዳጆ የመጋረጃችንን ቅዳጅ አሳይተው አሰፏት።

አንቺ ይህን ሁሉ አስጀመርሽ፤ አሁን እናትሽን ቀብረሽ ታካሚ ይዣለሁ ትያለሽ። አንቺን ማን ይዞሻል? በስተመጨረሻ ታመው ሳሉ የተቆጣሻቸው ቀን ካለ፣ ደክሞሽ የተኛሽበት ሌሊት ካለ፣ ምነው ባላደረግኩት የምትይው ነገር ካለ፣ እኛ የማንሰማው ነገር አይደለም። ከሌለም ዝም ብለሽ ትቀመጫለሽ።

ስለዚህ የወሰንነውን ልንገርሽ። ሐሙስ ተሰብስበን ተነጋገርን፤ የፊታችን ቅዳሜ እንመጣለን። አራታችን ነን፤ አቶ ወዳጆ፣ አዛለች፣ አፈወርቅና እኔ። አፈወርቅ ሚኒባስ አነጋግሯል፤ ከቀትር በፊት እንደርሳለን። በሥጋ አትጨነቂ፣ ሽሮ ይበቃናል፤ አዛለች በሶዋን ይዛለች። ስለ እናትሽ እንድትነግሪን ነው የምንመጣ። ምን ያስቃቸው እንደነበር፣ ሲቆጡ ምን ይሉ እንደነበር፣ በልጅነትሽ በምን ስም ይጠሩሽ እንደነበር። አቶ ወዳጆ ቆላ ወርደው ስለማያውቁ ባናዬን ልያዝ ወይ ይላሉ። ተዉት ብያቸዋለሁ፤ የሚሰሙኝ ግን አይመስለኝም።

ቅዳሜ ተረኛ ነኝ እንዳትይኝ። አለቃሽ ጋ ደውዬ አስፈቅጄልሻለሁ። «ማን ልበል?» ሲሉኝ «ታካሚዋ ነኝ» አልኳቸው።

አክባሪ እህትሽ
ለተሥላሴ